ማሽኑ አለ ወይስ የለም

የክትትል ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ መስመር ነው፦ «የተሰጣት ማሽን በእጇ አለ ወይስ የለም?» አንዱን ማክበብ ብቻ ነው። ለማብራሪያ የተተወ ባዶ ቦታ የለውም።

አሶሳ የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ ነው፣ በኮንትራት። በደላላ ተታለው ድንበር ተሻግረው፣ ሰው ቤት ተቆልፎባቸው ያለ ደመወዝ ሲያገለግሉ ኖረው ለተመለሱ ሴቶች ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ ለእያንዳንዷ አንድ የስፌት ማሽን ይሰጣታል። ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ በእጇ ከተገኘ ደግሞ ገበያው አጠገብ የቆርቆሮ ሱቅ ታገኛለች። ሴቶቹ የሚመጡት ለማሽኑ ሳይሆን ለሱቁ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ይቺ የማወራላችሁ ልጅ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ከኩርሙክ መንገድ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ኡስታዛ፣ መርፌ እኔን አይወድም» አለችኝ። ኡስታዛ ማለት አስተማሪ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እኔን ሴቷን «አንተ» ትለኛለች፤ አንድ ሁለቴ አርሜ ተውኩት። «እኔ ሙሽራ እችላለሁ» ብላ ቀጠለች።

«ሙሽራ ደግሞ ይቻላል እንዴ?» አለች ከኋላ አንዷ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

እሷ ግን የጎረቤቷን እጅ ስባ በእስክሪብቶ የቅጠል ሐረግ ከጣቷ እስከ ክንዷ አወረደችበት። ሁሉም ለማየት ተጠጉ። ሱዳን ተቆልፋ የኖረችበት ቤት እመቤቲቱ ሙሽራ አስዋቢ ነበረች። እጅና እግር ላይ የሚሳለውን ሂናም፣ ሙሽራዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በግራር እንጨት ጭስ ማጠኑንም፣ ቅባቱንም እዚያው ተምራለች። እዚህ ደግሞ ያለ ሂና የሚዳር የበርታ ልጅ የለም።

ያን ቀን ያልኳት ትዝ ሲለኝ አሁንም ያመኛል። «እሱ ጌጥ ነው፤ አንቺ ሥራ ያዢ» አልኳት። የዚያ ቤት ነገር ከእጇ ቢወጣ የሚሻላት መስሎኝ ነበር። ደግሞም የፕሮጀክቱ ዝርዝር ላይ ያሉት ስፌት፣ ዶሮ እርባታና ሻይ ቤት ብቻ ናቸው። አራት ወር ሙሉ ዚፕ አስተማርኳት፤ አራት ወር ሙሉ ጠማማ ዚፕ ሰፋች። ማሽኗን ተቀብላ ወጣች።

በስድስተኛው ወር ፎርሜን ይዤ ቤቷ ስሄድ ማሽኑ የለም። በቦታው ትልቅ መስታወት፣ ዝቅ ያለ አልጋና ሳፋዎች አሉ። አልጋው ላይ አንዲት ሙሽራ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። በሩ ላይ አከራይዋ፣ «ጭስሽ ቤቴን ሊፈጀው ነው! ወሩ ሲያልቅ ውጪልኝ ብያለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ። ያ ሱቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ማሽኑን በእነዚህ ዕቃዎች የለወጠችው ከሁለት ቤት ወዲያ ካሉ ልብስ ሰፊ ጋር ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጡ የወሎ ሰው ናቸው፤ ወሬውን ሰምተው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ መጡ።

«የኔ እመቤት፣ ማሽኑ መች ጠፋ? እኔ ቤት ቁጭ ብሏል። ልጂቱን አጠገቡ አስቀምጠሽ ፎቶ ማንሳት ነው። እኔ ለጊዜው ወጣ እላለሁ፤ ክሩንም አሲዛታለሁ።»

«በቃ! ፎቶ አንሳ፣ ኡስታዛ» አለች ልጅቷ።

«ሐሰት ነው።»

«ምኑ ነው ሐሰት? ማሽኑ አለ። እኔም አለሁ።»

«አትሰፊበትማ!»

«እኔ ቤት ሲሆንም አልሰፋም ነበር።»

ሰውየው ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አልሳቅኩም። ፎርሙን አጥፌ ወጣሁ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እሳቸው ያሉኝ ሁለት ነገር ነው፦ «እውነቱን ጻፊ። ከዚያ ግን ዝም እንዳትይ፤ ዛሬውኑ ሄደሽ ተሟገቺላት።» የመጀመሪያውን በአንድ ደቂቃ ፈጸምኩት፤ «የለም» የሚለውን አከበብኩ። ሁለተኛው አራት ቀን ፈጀብኝ። ደብዳቤ ልጽፍ ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ገለበጥኩ፤ ለበላይ የሚሄድ ወረቀት ስርዝ ድልዝ አይኑርበት ብዬ። ሰው ለራሱ የሚቀለውን ትእዛዝ እንዴት ቶሎ እንደሚፈጽም!

ደብዳቤዬን ይዤ ቢሮ ስገባ አስተባባሪው ወጣት ከወንበሩ ተነሳልኝ። ትሕትናው አይታማም።

«እትዬ፣ ስም ዝርዝሩ ትናንት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።»

«ልጅቷ እኮ ሥራ አላት። ራሷን ችላለች። እኛ የምንፈልገው ይሄን አይደለም?»

«ሙሽራ ማስዋብ ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«ዝርዝሩን ማን አወጣው?»

«ከላይ ነው የመጣው።»

«ከላይ ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ አያደርግም!»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሮ ጸሐፊዋ በበሩ አየት አደረገችን። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ የለም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ለእሷ የታሰበው ሱቅ የደረሰው ለሌላ ሠልጣኝ ነው። እሷም ቤት ሄጄ ነበር። ማሽኗ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ የከሰል ጆንያ አርፎበታል። «አለ» ብያለሁ። እውነት ነበራ!

ለበርታዋ ልጅ ልነግራት ስሄድ መስታወቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ስታስጭን አገኘኋት። ወደ እናቷ ቀበሌ መሄዷ ነው። ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችም፤ ያ ባሰብኝ።

«አንተ አልዋሸም። ጥሩ ነው። እኔ ሙሽራ የት ላስቀምጥ?»

«የምኖርበት ግቢ ጓሮ አለ» አልኳት። «አከራዬን ላስፈቅድና…»

«አስፈቅድ» ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

አከራዬ የፈቀዱልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ብደውል ስልኳ አይሠራም፤ እዚያ ቀበሌ ኔትወርክ የለም።

በሳምንቱ የበርታ ተወላጅ የሆኑ አንዲት ነጋዴ እናት ማሠልጠኛው ድረስ መጡ። ልጃቸው ሐሙስ ትዳራለች።

«ሂና የሚሠራ ልጅ የት አለ?»

«ገጠር ገብታለች፣ እናቴ። እዚህ መሥሪያ ቦታ አጣች።»

«ቦታ?» ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ሙሽራ ቤት የለውም እንዴ? እኛ ቤት ይሠራል። መኪና እልካለሁ።» የቀበሌውን ስም ጠይቀውኝ፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወጡ።

እኔ ከነደብዳቤዬ ግልባጭ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ አላለኝም። የእኚህ ሰው ሰርግ ሐሙስ ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ልጅቷ መስታወቷን ይዛ የት እንደምትወርድ ግን ሴትዮዋ አልጠየቁም፤ እኔም ሮጬ፣ የእኔ ጓሮ ተፈቅዷል ብለው ይንገሩልኝ ብዬ የጮህኩት በሩ ላይ የቆመው መኪናቸው ተነስቶ ከሄደ በኋላ ነው።