ሣሩን ከቆርቆሮው ሥር የደበቅንበት ክፍል

የታይፕ አስተማሪ ሆኜ ሆሳዕና ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን በተመደብኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል» የሚባለው ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሲዘንብ ደግሞ ይብሳል፤ ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስል አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ እንኳን አይሰማኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ መሃል እየጮኽኩ የቢሮ ደብዳቤ አስጻፍኩ። «የላካችሁት ዶሴ ደርሶናል፤ መልሱን አያይዘናል» ነበር ያልኩት። ከገጠሩ ከሀቢቾ በኩል የመጣች፣ ከሁሉም ፈጣን የሆነች ተማሪዬ ወረቀቷን ስታስረክበኝ እንዲህ ይላል፦ «የላካችሁት ዶሮ ደርሶናል፤ መረቁን አያይዘናል።»

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች ፈራ ተባ እያለች። «ግን የቢሮ ነገር ነው ብዬ ጻፍኩት።»

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጥኩ። ከወሎ የመጡ፣ ጥርሳቸውን ለማንም የማያሳዩ ሰው ነበሩ። አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁና ደግመው አነበቡት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አዲስ ክፍል ያስፈልገናል» አሉ።

የአውራጃውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሚንቶ ጠየቁ። የለም፣ በራሳችሁ ጥረት ሥሩ የሚል መልስ መጣ። ያቺው የዶሮዋ ተማሪ ናት መላ ያመጣችው። «አያቴ የሚሠራው ቤት ውስጥ ዝናብ አይሰማም» አለችኝ።

አያትየው በሳምንቱ መጡ። አገር ያወቃቸው ቤት ሠሪ ናቸው። በቀትር ክፍላችን ገብተው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ። ላባቸውን ጠርገው ሲወጡ፣ «ይሄ ድስት ነው እንጂ ቤት አይደለም» አሉ። «ፀሐይ በየት ይወጣል፣ ነፋስ በየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም?»

ከዚያ ግቢውን በዱላቸው እየለኩ ዞሩ። መስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው በኩል ይሆናል። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ምርጊት ነው። ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚወጣበት ክፍተት ይተዋል። ጣሪያው ግን ሣር ነው።

«ሣር?» አሉ ዳይሬክተሩ ደንግጠው። «አባባ፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ኋላ ቀር ናችሁ ይለናል እኮ!»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ ቆርቆሮህን ከላይ አልብሰው። ሣሩን ከሥሩ እደብቅልሃለሁ» አሏቸው። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኝ አይተው፣ ምሥጢር እንደተካፈለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭቃ የረገጥንበትን ቀን እስካሁን ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ። ተማሪዎቹ ጭዱን በትነው፣ ውኃውን አፍስሰው፣ በሀዲይኛ እየዘፈኑ ገቡበት። እኔ ባለ ተረከዝ ጫማዬን አድርጌ ዳር ቆሜ ነበር። «ቲቸር! ቲቸር!» ሲሉኝ ጊዜ ጫማዬን ወዲያ ወርውሬ ገባሁ። ጭቃው በጣቶቼ መሃል ሽቅብ ሲወጣ እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ዳይሬክተሩ ሊቆጡን መጡ መሰለን፤ እሳቸው ግን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው አንድ እግራቸውን አስገቡ። ሁለተኛውን ሲያነሱ ተንሸራተቱና ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ዘፈኑ ቆመ። እሳቸው ከነክራቫታቸው ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጡ ቀና ብለው፣ «ጓዶች፣ ምን ቆማችኋል? ርገጡ እንጂ!» አሉ። ሳቁ ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ ዝናብ እንዲመጣ የጸለይኩትን ያህል ለምንም ጸልዬ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ወረደ። የሌሎቹ ክፍሎች ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ከሩቅ የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እንደገና ዝቅ አደረግኩ። በመጨረሻ በሹክሹክታ አስጻፍኩ፤ ሁሉም ጻፉ። ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ትምህርቱን አቋርጬ አጨበጨብኩ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ የሂሳብ መምህሩ ተማሪዎቹን ሁሉ አስከትሎ ቆሟል። «እባክሽ፣ አንድ ጥግ ስጪን» አለኝ።

ተቆጣጣሪው የመጣው ወር ሳይሞላ ነው። ከሩቅ መንገድ በላንድሮቨር ሲንገላታ ውሎ ደርሶ፣ ትምህርቱን ሊከታተል የኋላ ወንበር ላይ፣ ተማሪ ባልያዘው ታይፕራይተር ፊት ተቀመጠ። ክፍሉ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው። አሥር ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ታይፕራይተሩ ላይ ድፍት ብሎ ተኛ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ብቅ ብለው አዩት፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በእግር ጣታቸው ተመለሱ። እኛም ታይፑን ትተን በለሆሳስ ስናነብ ቆየን።

ደወል ሲደወል ብንን አለ። ኮቱን አስተካክሎ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና፣ «ይሄ አሠራር ከየት የመጣ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ከሀቢቾ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«የእኔንም ቢሮ ይሥሩልኛ!» አለ ተቆጣጣሪው።

ግራ ጉንጩ ላይ የታይፕራይተሩ ቁልፎች ክብ ክብ ምልክት በሰልፍ ታትሟል። ሊነግረው የደፈረ አልነበረም። እንደዚያው ሆኖ ሁላችንንም ጨብጦ፣ ገበያውን አቋርጦ ሄደ፤ እኔና ያቺ ተማሪዬ ከክፍሉ ጀርባ ሮጠን ግድግዳውን ተደግፈን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።