ስድስት ቁንጫ

ባሌ በመሥሪያ ቤቱ «ሪስታርት» ነበር የሚባለው። ኮምፒውተር ተበላሸ ተብሎ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አጥፍታችሁ አብርታችሁታል?» ብሎ ስለነበር ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግን ኖረ። ሹም አልሆነም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሽልማትም አላመጣም። ግን በዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እሱን ሳያይ ሥራ የሚጀምር ሰው ጥቂት ነበር። ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ናቸው የነገሩኝ።

ከነገሩኝ አንዱን ልጻፍ። አንድ ጠዋት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሏን አልቀበል አለ። ሴትዮዋ ደጋግማ ጻፈች፣ ተቆጣች፣ ባለጉዳይ ፊት ጠረጴዛ መታች። ባሌ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቁልፍ ተጫነና «አሁን ይሞክሩት» አላት። ተከፈተ። ለካስ ቋንቋው አማርኛ ላይ ቀርቶ ኖሯል፤ እሷ በፈረንጅ ፊደል የጻፈች እየመሰላት ማሽኑ በአማርኛ ይቀበላታል። የሚጻፈው ደግሞ በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ስህተቱ አይታወቅም። በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ባሌ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። እንደዚህ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሰው ተሳሳተ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚሳሳተው ማሽኑ ነው።

ቤት ውስጥ የራሱ ኮምፒውተር ነበረው፤ ከሦስት አሮጌ ማሽኖች ለቃቅሞ የገጣጠመው። ያስቀመጠው ሳሎን አይደለም፤ ወጥ ቤት፣ የዱቄት ጣሳው አጠገብ ነው። አንድ ጎኑ ክዳን የለውምና ዱቄት እንዳይገባበት የሻይ ፎጣ አለብሰው ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል። «ጣውንቴ ናት» እላለሁ።

ለምን ወጥ ቤት እንዳስቀመጠው ልንገራችሁ። ባሌ ምግብ መሥራት ይወድ ነበር፤ አሠራሩ ግን እንደ ሰው አልነበረም። ሾርባ ሲሠራ ጨውን በሚዛን፣ ውሃን በመስፈሪያ፣ ጊዜን በሰከንድ ይይዝና ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፈዋል። ትንሽ ከቀየረ ቁጥር ይሰጠዋል። «የድንች ሾርባ፣ ዘጠነኛ ዕትም» ይላል። ዳቦውማ ጭራሽ ጉድ ነበር። ምድጃው ውስጥ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ጫፉን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። ዳቦው ሲጋገር ማሽኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ቀስ እያለች ሽቅብ ትወጣለች። እሱ ወንበር ስቦ እንደ ፊልም ያያታል።

እኔ ደግሞ የለመድኩት በእጅና በአፍንጫ ነው። ዳቦ መድረሱን ለማወቅ ምድጃውን ከፈት አድርጌ አያለሁ። ስከፍት ሙቀቱ ይወጣና መስመሯ ዘጭ ትላለች።

«አትንኪው!» ይላል።

«አይቼ ልዘጋው ነው።»

«አየሽ፣ አንቺ ሴትዮ? ገደል ገባች!»

«መስመር አልበላም እኔ፤ ዳቦ ነው የምበላው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንዳችንም አላሸነፍንም፤ ዳቦው ግን ሁልጊዜ ይበላ ነበር።

ሌላው ሥራው ፊልም ነው። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ የውጭ ቋንቋም አታውቅም። ባሌ እሑድ ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ይስብና ከጎኗ ተቀምጦ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይተርክላታል። መተርጎም ብቻ አይደለም። «ይሄኛው ውሸታም ነው እማማ፣ እንዳያምኑት» ይላል። «አሁን በር ሊከፍት ነው፤ ተው ብንለውም አይሰማም።» እናቴ ውሸታም የተባለውን ሰው ሁሉ ትራገማለች። በኋላ ድምፁን መቅዳት ጀመረ፤ ማይክሮፎኑ ትንፋሹን እንዳይቀዳ አሮጌ ካልሲ ያለብሰዋል። እናቴ ካረፈች በኋላም ቀጠለ። «አንቺም ለምደሻል» አለኝ። ልክ ነበር። ስድሳ ሦስት ፊልም በእሱ ድምፅ ተቀድቶ እዚያው ወጥ ቤት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት አረፈ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ከወራት በኋላ ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ለአንድ ሳምንት መጣች። ሦስተኛው ቀን ላይ ያባቷን ጓደኛ ጠራችው። እሱም እዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጠጋኝ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ባሌ «ኬብል» ብሎ ነበር ያወጣለት። ኬብል ገብቶ የሻይ ፎጣውን አነሣ፣ ማሽኑን አበራ፣ የተሳሳተ ቃል ገብቷል የሚለውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው የሞከረው?»

ልጄ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። «እኔ። ሰባት ጊዜ።»

«ሰባት!» ብሎ ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ እሱ ራሱ ነው ይሄን ነገር የሠራው። አሥር ጊዜ የተሳሳተ ቃል ከገባ ማሽኑ ውስጡን ጠርጎ ይደመስሳል። ሌባ ቢወስደው ብሎ ነው። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለውም፤ ጠይቄው አውቃለሁ።»

ስድሳ ሦስት ፊልም። ድምፁ ሌላ የትም የለም፤ ስልኬ ላይ ያለው «እየመጣሁ ነው» የምትል አንዲት መልእክት ብቻ ናት። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ልጄን።

«እማ፣ ከፍቼ ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ደግሞ ማስታወሻ ትቷል፤ ለኔ መስሎኝ።»

አየሁት። ከቃሉ ማስገቢያ ሥር «ምድጃው ፊት የምልሽ» ይላል። ልጄ አባቷ ሾርባ ሲያስተምራት ይላት የነበረውን ሁሉ ሞክራለች፦ «ቀስ በይ»፣ «ጨው ቀንሺ»፣ «እጅሽን ታጠቢ»።

«ላንቺ አይደለም» አልኩ። «ለኔ ነው። በይ ጻፊ፤ አትንኪው በይ።»

ኬብል «እርግጠኛ ነዎት እትዬ?» አለ።

«ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ እኮ።»

ልጄ ጻፈች። ማሽኑ እምቢ አለ። ሁለት ቀረ።

ኬብል ማሽኑን አጥፍቶ ፎጣውን መልሶ አለበሰው። «ዛሬ ይብቃን» አለ። «እስኪያስታውሱ ድረስ አይንኩት።»

እኔ ግን ሌላ የማስታውሰው አልነበረኝም። ሳዝን እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ዱቄት አወጣሁና አቦካሁ። ኬብልንም ሳትበላ አትሄድም አልኩት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ሦስታችንም ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ የዳቦው ሽታ መጣ፤ እኔም እንደ ልማዴ ምድጃውን ልከፍት ተነሣሁ። እጄ እጀታው ላይ ቆመ። የሚቆጣኝ የለም። ሌላ ቃል አልነበረም፤ በዚህ ቦታ ላይ ሌላ ቃል ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ነው ቁንጫዎቹ ትዝ ያሉኝ።

ባሌ ማሽኑን ሲከፍት እኔ አጠገቡ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ቃሉን ሲጽፍ ፊደሉ አይታይም፤ በፊደሉ ፈንታ ጥቁር ነጥብ ይደረደራል። እሱ ነጥቦቹን «ቁንጫዎቼ» ነበር የሚላቸው። «ስድስቱም ቁንጫ ተሰልፏል፤ በሩ ይከፈት!» ይላል። ሁልጊዜ ስድስት። አንድም ቀን አምስት ብሎ አያውቅም።

«ማሽኑን አብሪው» አልኩ። «አትንኪው ብለሽ ጻፊ፤ ግን አስገቢ የሚለውን እንዳትጫኚ።»

ልጄ እየፈራች ጻፈች። ቆጠርኩ። አ፣ ት፣ ን፣ ኪ፣ ው። አምስት።

«አንድ ቁንጫ ጎድሏል» አልኩ።

ልጄ አባቷን አጥታ እናቷም አእምሮዋን ያጣች መስሏት አየችኝ። የቁንጫውን ነገር ነገርኳቸው። ኬብል ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ፤ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አየ።

«አማርኛ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ቃሉ አማርኛ ነው ብዬ።»

ኬብል በመዳፉ ግንባሩን መታ። «አትንኪው ለማለት ጣት ስንት ጊዜ ነው ቁልፍ የሚነካው? ለ‹ኪ› ብቻ ሁለት ጊዜ ነው! ስድስት እኮ ነው! ሰውዬው ቃሉን ያወጣ ዕለት ቋንቋውን ሳይቀይር ነው የጻፈው። አማርኛ የጻፈ መስሎት በፈረንጅ ፊደል ነው ያስገባው!»

«አባዬ?» አለች ልጄ። «አባዬ ቋንቋ ረስቶ?»

«መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ‹ቋንቋውን እዩት› ሲል የኖረው ሪስታርት!» ብሎ ኬብል ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው» አልኩ።

ቋንቋውን እኔ ቀየርኩት፤ የትኛዋ ቁልፍ እንደሆነች ልጄ አሳየችኝ። ከዚያ በአንድ ጣቴ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ስድስት ቁንጫ ተሰለፈ። አስገቢውን ተጫንኩ።

ተከፈተ።

ሁሉም ነገር በቦታው ነበር፤ እንደ እሱ ጠረጴዛ የተስተካከለ። ፊልሞቹ ስድሳ ሦስት። ሾርባው እስከ አሥራ ሰባተኛ ዕትም። ዳቦው አርባ አንደኛ ዕትም ላይ ቆሟል። ልጄ የመጨረሻውን ከፈተችው። ዱቄቱ፣ ውሃው፣ ደቂቃው ሁሉ ተጽፏል፤ ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፦ «ዛሬ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። ከእኔ ዳቦ የእሷ በልጧል። ምክንያቱን አላገኘሁትም።»

ይህን በሕይወቱ አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ ጎረቤት እስኪሰማ አወራው እንደነበር ያውቃል።

ኬብል ከፊልሞቹ አንዱን ጫነ። መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ተንኳኳ፣ ካልሲው ኮሽ አለ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ፦ «እሺ እማማ፣ ይሄ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ነገር ሊያበላሽ ነው የመጣው፤ ዓይንዎን ከእሱ እንዳይነቅሉ።» ከኋላ የእናቴ ድምፅ «ድሮም አላማረኝም» ይላል። ወዲያው ደግሞ በመሃል ፊልሙን ትቶ፣ ጮክ ብሎ ወደ ወጥ ቤት፦ «አንቺ ሴትዮ! አትንኪው አልኩሽ!»

ሦስታችንም ወደ ምድጃው ዞርን። ዳቦው ተረስቶ ጠርዙ ጠቁሯል። አውጥቼ በቢላ ፈቀፈቅሁት፤ በሻይ በላነው፤ ማንም አላማረረም።

ኬብል ከመሄዱ በፊት ሦስት ቅጂ ሠራ፤ አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ። ከዚያ ጃኬቱን እየለበሰ ወደ ማሽኑ መለስ አለ።

«እትዬ፣ ቃሉን ልቀይርልዎት? ቀለል ያለ፣ የማያስቸግርዎት፣ በትክክል የተጻፈ።»

እጁ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሊያርፍ ነበር።

«አትንካው» አልኩት።