የቲቸር ቶላሳ ቀኝ እጅ

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር የተቃጠለ ሞተር የሚጠግኑበት ቤት አለ። ባለፍኩ ቁጥር የጋለ መዳብና የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን ይወጋኛል፤ ሽታው ደግሞ ቲቸር ቶላሳን ይዞብኝ ይመጣል።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ነበሩ፤ የሚኖሩትም እኛው ግቢ ተከራይተው። አሥረኛ ክፍል ሆነን በረብሻው መንገዱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ማትሪክ ግን አልቀረም። ካላለፍኩ ጊንጪ የአክስቴ መጋዘን ገብቼ ጤፍ ስመዝን እንደምኖር አባቴ ቆርጦ ነግሮኛል። የሌሎቹም ዕጣ ከእኔ አይሻልም ነበር። ቲቸር አምስታችንን ሰብስበው የቆርቆሮ በራቸውን ሰሌዳ አደረጉት። ከሞተር መጠገኛው ቤት የለቀሙትን ሽቦ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝተው ማግኔት ሲያስጠጉበት ሽቦው ዘሎ ይሸሻል። ወዴት እንደሚሸሽ ሳናይ መናገር አለብን።

ደንቡ ቀላል ነው። ቀኝ እጅ ይዘረጋል፤ አውራ ጣት ቻርጁ ወደሚሄድበት፣ አራቱ ጣቶች ወደ ማግኔቱ መስክ። መዳፍ ወደሚገፋበት ኃይሉም ወደዚያ ነው፤ ኤሌክትሮን ከሆነ በእጅ ጀርባ በኩል። እኛ ግን ቀኛችን እስክሪብቶ ስለያዘ ግራችንን እናነሳለን፣ ሁሉም ይገለበጣል። "ግራ እጃችሁን ቆርጣችሁ ብትመጡ ታልፉ ነበር" ይሉና እስክሪብቶአችንን ለቅመው ባርኔጣቸው ውስጥ ይከቱታል።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ። ምላሳቸውም ተሳሰረ። ገብተን አልጋቸው አጠገብ ቆምን። ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ አዩት፣ በንዴት ፍራሹን መቱበት። ከዚያ የእኔን ቀኝ ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ አቃኑ።

"ሚርጋ" አሉ፤ በኦሮምኛ ቀኝ ማለታቸው ነው። አማርኛው እምቢ አላቸው።

የቀኝ እጁ ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ፤ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሠራሁት። ውጤት ሲወጣ እህታቸው ወደወሰዷቸው ወደ ጉደር ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማለፌን ነገርኳቸው። ግማሽ ፊታቸው ሳቀ። ከዚያ እየተንተባተቡ፣

"ሌሎቹስ?" አሉኝ።

ከአምስታችን ያለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ጣቴን አነሳሁ። ገባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። አሥራ ሁለተኛንም ጨርሻለሁ። ትንሽ ደስ ሊለኝ ሲል ያ ጥያቄ በዚያ በተሳሰረ ምላስ ይመጣብኛል፤ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እሄዳለሁ።