ምንቃሩ የማይገጥመው የገብስማው ዘር

ካሰች በአማን ከተማ ገበያ የዶሮ ተራ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዶሮ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጌታን ሳታመሰግን የዶሮ ቤቱን ከፍታ አታውቅም። ገብስማው አውራ ዶሮዋ ግርማ ስለነበረው፣ የተራው ሻጮች እንቁላል ማስታቀፍ ሲፈልጉ ከእሷ ይወስዱ ነበር።

አምና ግን ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች አንድ ሁለቱ ምንቃራቸው እንደ መቀስ ተላልፎ ይወጣ ጀመር። በቆሎ መልቀም አይችሉም። ካሰች ዱቄት እያራሰች በእጇ ታበላቸዋለች።

አንድ ቅዳሜ አሞጽ የሚባል ገበሬ ቱም ከሚባል አገር መጣ። ዶሮዎቹን በሽታ ፈጅቶበት፣ እንደገና ለማርባት አንድ አውራና አራት ቄብ ይፈልጋል። ከካሰች ቅርጫት ገብስማ ወጣት አውራ አነሳ።

«ለወጥ ከሆነ ውሰደው» አለችው። «ለዘር ግን አይሆንህም። የራሱ ምንቃር ደህና ነው፤ ወንድሞቹ ግን ጠማማ ወጥተዋል። ከእህቶቹ ጋር ካገናኘኸው ደግሞ ይብሳል።»

አጠገቧ የተቀመጠው ዶሮ ሻጭ ባየ ሳቀ። «ዶሮ ልትሸጪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትሰብኪ?» የራሱን አውራ በእግሩ አንጠልጥሎ ለአሞጽ አቀበለው። «እንካ ወንድሜ፣ ይሄ የቴፒ ዘር ነው። ከእሷዎቹ ጋር አይዛመድም።»

ካሰች አውራውን አወቀችው። አምና በየካቲት፣ ጠማማ ጫጩት ሳይታይ፣ ለባየ ከሰጠችው እንቁላል የተፈለፈለ ነበር። ተራው ሁሉ ያያታል፤ የእሷ ዘር ያልገባበት ቅርጫት የለም።

«ወንድሜ፣ እሱም የዚያው የእኔ አውራ ልጅ ነው» አለች።

አሞጽ አውራውን መልሶ ባዶ እጁን ሄደ።

«ተነሺ ከዚህ» አለ ባየ። «እኛም የምናበላቸው ልጆች አሉን። ጽድቅሽን ቤትሽ ጽደቂ።»

በጸሎት ቡድን አጠገቧ የምትቀመጠው ሻጯ ንጋቷ እንኳ የካሰችን ቅርጫት በእግሯ ወደ መንገዱ ገፋችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሰች ከገበያው ዳር ካለው ቦይ ማዶ፣ ጭቃው ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ተቀመጠች። ሰው ወደ እሷ ባለፈ ቁጥር ባየ ይጮሃል፦ «ከእሷ አትግዙ፤ የዶሮዎቿ ዘር ጠማማ ነው።»

አንዲት ሴት ቆመች። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው። ለወጥ እንጂ ለዘር አትውሰጂ።»

«ለወጥ ነው የምፈልገው» አለችና ጎንበስ ብላ መረጠች።

ያን ቀን ካሰች ግማሽ ቅርጫቷን ተሸክማ ተመለሰች። ዘሩ የመጣበትን ገብስማውን አውራ ጎረቤቷ ማቴዎስ አረደላት። ከሌላ አገር አውራ እስክታገኝ ለጠየቃት ሁሉ «ለወጥ ብቻ» ትላለች። ከቦዩ ወዲያ፣ በእነ ባየ ቅርጫት፣ ለዘር የሚሸጡት የገብስማው ልጆች አሁንም ይጮሃሉ።