አዲሱ ፕሮግራም የጠረገው የግንባር መስቀል

"ምነው አያ፣ ይህች እኮ እማየ አይደለችም!"

ዛሬ ጠዋት ፎቶ ቤቴ ውስጥ ይህን ያለችኝ ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣች ደንበኛዬ ናት። እሑድ በእናቷ ሙት ዓመት የሚሰቀል ፎቶ እንዳሳድግላት ነበር የመጣችው።

የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሜን ትናንት አሳድሼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የማገኛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ቦታ ቀይረዋል። የአሮጌ ፎቶ እጥፋት የምጠግንበትን ብሩሽ ባጣው፣ "ፊት አጽዳ" የሚል አዲስ ቁልፍ ተጫንኩ። ባንዴ ጥርት አለ። "ተመስገን" ብዬ አተምኩት።

ለካ ከእጥፋቱ ጋር የእናቲቱን የግንባር መስቀል ንቅሳትም ጠርጎታል!

"ፕሮግራሙ ቆሻሻ መስሎት ነው" አልኳት አፍሬ።

"ቆሻሻ? እማየ ይህን ብትሰማ ኮምፒውተርዎን በከዘራ ትመታው ነበር!" አለችና ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት።

አጠገቤ ተቀመጠች። ከዋናው ፎቶ እንደገና ጀመርኩ። ብሩሹን ከስንት ፍለጋ በኋላ አገኘሁት፤ እሷ በጣቷ እያሳየችኝ፣ በመስቀሉ ዙሪያ ቀስ እያልኩ እጥፋቱን ብቻ ጠገንኩ። ሲታተም "ይኸው እማየ!" ብላ ወረቀቱን ሳመችው።

ከሄደች በኋላ ልለማመድ ብዬ የሟች ባለቤቴን ፎቶ ከፈትኩ። እጄ ግን ያን ቁልፍ መጫን እምቢ አለኝ። በየትኛው ፊቷ እንደማስታውሳት ራሴን ስጠይቅ፣ ጥርት ባለው እንዳልሆነ ገባኝ።

እናንተስ፣ ከምትወዱት ሰው ፊት ላይ ማሽን እንከን ብሎ የሚጠርገው፣ እናንተ ግን የምትሳሱለት ምልክት የቱ ነው? እኔ ልጀምር፦ ባለቤቴ ስትስቅ ከዓይኗ ጥግ የሚወጣው ሽብሽብ።