ወንድሜ ታሟል

በአብዮቱ ዘመን ጂንካ ላይ የያዙኝ፣ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ቤቴን ሲፈትሹ የወሰዱት አንድ ልብ ወለድ ብቻ ነበር፤ አእምሮው የታወከ ልጁን ጓዳ ስለሚደብቅ ቤተሰብ የሚተርክ። መርማሪው ገለጥ ገለጥ አደረገውና፣ «ታሪኩ ይዘላል። ማን ምን እንደሚናገር እንኳ አይታወቅም። እብዱ ማነው? አብዮቱ ነው?» አለኝ።

«የታመመ ልጅ ነው» አልኩት። አላመነኝም።

ያሰሩኝ ክፍል ወለሉ ጭቃ ነበር፤ ሽንት ሽንት ይሸታል። በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ የሚግጡ ከብቶች ድምፅ ይሰማል። ጥግ ላይ ሁለት የአሪ ገበሬዎች፣ ወንድማማቾች፣ ተቀምጠዋል። ታላቁ የታሰረው፣ አንድ ካድሬ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲያሰማ ከመሀል ተነስቶ፣ «ዝም በል፣ ልጆቹ ተኝተዋል» ስላለው ነው። የገዛ ልጆቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ታናሹ ወንድሙን አልለቅም ብሎ አብሮ ተያዘ።

ታላቁ ሲጮኽ ዘበኞቹ በዱላ ይገባሉ። ያን ጊዜ ታናሹ በላዩ ላይ ይተኛበታል። ሲረጋጋ ጎደሬ ልጦ ያጎርሰዋል።

አንድ ቀን ታናሹን ስለ መጽሐፉ አጫወትኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «መምህር፣ ያ ልጅ፣ ያስሩታል?» አለኝ።

«አዎ፣ በገመድ።»

«እኛም አስረን ነበር። እናቴ አልቅሳ ፈታችው።»

በማግስቱ ታናሹን ለምርመራ ጠሩት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

«ወንድሜ ያስመስላል በል። አሁኑኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ወንድሜ ታሟል።»

«አንተስ?»

«እኔ ደህና ነኝ። እሱ ታሟል።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዱላውን ብቻ ነው።

ሲመልሱት ታላቁ ልብሱን አውልቆ ጥሎ፣ ራቁቱን ብርድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታናሹ ፊት ለፊቱ ተንበረከከና ሸሚዙን አለበሰው። ጣቶቹ አብጠው ቁልፎቹ እምቢ አሉት። ላግዘው ጠጋ ስል፣ «ተው መምህር። እሱ የኔን እጅ ነው የለመደው» አለኝ። እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈለት።

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱንም በጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ወሰዷቸው። ከተፈታሁ በኋላ ብጠይቅም ወሬያቸውን የነገረኝ የለም።

ዛሬም የምኖረው ጂንካ ነው። ገበያ ውስጥ አንድ የታመመ ሰው ብቻውን እያወራ ሲመጣ፣ ሰዉ ገለል ይላል። እኔ ከኋላው የሚከተለው ሰው መኖር አለመኖሩን አያለሁ። አንዳንዴ ይኖራል።