የመምህር ሰማው እርማት

መምህር ሰማው አካለ ወልድ ብቸና ላይ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጭር ብሏል። የቀራቸው ወገን በስልካቸው ውስጥ ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አራት መቶ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበውበታል፤ ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ ሹፌሩም አለ። ጎህ ሲቀድ «እንደምን አደሩ መምህር?» ይጎርፋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ሲመልሱ ይረፍዳል። ያን ሳይጨርሱ ቁርስ አይቀምሱም።

ነገሩ የመጣው ግንቦት ላይ ነው። የግሩፑ አስተዳዳሪ ስጦታው «ሪላክታንት» የምትል ቃል ከአንድ ደብዳቤ ላይ አግኝቶ ትርጉሟን ጠየቀ። መምህር ሰማው ወዲያው «ሰነፍ፣ ሥራ የማይወድ ማለት ነው» ብለው ጻፉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት ይኸንኑ ነው። ምስጋናው ሲዥጎደጎድ በመካከል የትናየት ውበቴ ገባች። እሷም የእሳቸው ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ሞጣ ላይ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰነፍ ማለት አይደለም። መሥራት እየቻለ ልቡ ያልፈቀደ፣ የሚያመነታ ሰው ነው» አለች።

ኧረ ጉድ ፈላ! «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለ አንዱ። «መምህር ካሉ አለቀ!» አለ ሌላው። እሷ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ፎቶ አንሥታ ለጠፈች፤ ማን ያይላታል! ትልቅ ሰው ተደፈረ ከተባለ እኛ አገር ማስረጃ የሚያነብ የለም። ይባስ ብሎ አንዱ «እንዴ፣ ይቺ ያቺ ሪላክታንት አይደለችም?» ብሎ ጻፈ፤ መቶ ሰው ሳቀ። መምህርም «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትል አንድ መስመር ጣል አደረጉ። ተረቱ የተተረተው ቃሉን ለሚያጥፍ ነበር እንጂ ለሚሳሳት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ስጦታው የትናየትን ከግሩፑ አስወጣት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህር የገዛ መዝገበ ቃላታቸውን ከሣጥን አወጡ፤ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ አሮጌ መጽሐፍ ነው። እሳቸውም ገጹን ፎቶ አንሥተው ክርክሩን ሊዘጉ ነበር ሐሳባቸው። ቃሉን አገኙት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት። ልጅቱ ልክ ነበረች።

ያን ጊዜ የዛሬ ሃያ ዓመቱ ክፍል ትዝ አላቸው። አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሥታ ይኸንኑ ትርጉም ተናግራ ነበር። እሳቸው ግን «ሪላክታንትስ አንቺ ነሽ፤ ቁጭ በይ!» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚያውቃት በዚያ ስም ነበር። የእሳቸውም አፍ የትናየት ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ይኸን ሁሉ አውቀው አራት ቀን ዝም አሉ። የጠዋቱ ሰላምታ ይመጣል፣ ይመልሳሉ፤ ቁርሱ ግን ሳይነካ ይነሣል። ፈርተው ነበር። እሳቸው ከተሳሳቱ ነገ ማን እንደምን አደሩ ይላቸዋል?

አባታቸው መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ነበሩ። አንድ ጊዜ ተማሪ ሲያርማቸው በማግሥቱ ጉባኤውን ሰብስበው፣ ልጁን በራሳቸው ወንበር አስቀምጠው፣ እሳቸው ቆመው «ትናንት ስቻለሁ፤ ያቀናኝ ይኸ ነው» ብለዋል። «በጉባኤ የሳተ በጉባኤ ይታረማል» ይሉ ነበር። ሰማው ያን ቀን በዓይናቸው አይተዋል፤ በአባታቸውም አፍረው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው በደብረ ወርቅ አልፈው ሞጣ ወረዱ። የትናየት ከክፍል ስትወጣ አየቻቸው፤ እጇ ላይ ያለውን ጠመኔ በጋዋኗ ጠርጋ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ምነው መምህር፣ በደኅናዎ ነው?»

«ደኅና አይደለሁም ልጄ። እውነቱ ያንቺ ነበር። ያን ጊዜም፣ አሁንም።»

ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። «መምህር፣ እኔን ያንገበገበኝ ቃሉ አይደለም። ስሙ ነው። ያ ስም ቤታችን ድረስ ገብቶ እናቴ እንኳ ትርጉሙን ሳታውቅ ትጠራኝ ነበር። እንዳልነግራት አፈርሁ» አለች።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው «ተሳስቻለሁ፤ ልክ የነበረችው የትናየት ናት» ብለው ግሩፑ ላይ ጻፉ።

«የመምህር ስልክ ተጠልፏል! እንዳትመልሱ!» አለ ስጦታው። ወይ አለማወቅ! በድምፅ ደገሙት፤ «እኔ ሰማው ነኝ፤ ያለሁት ሞጣ ነው፤ ያላጠፋች ልጅ በድዬ ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ» አሉ። አሁን አመኗቸው፤ ምን ዋጋ አለው። «አይ ትሕትና!» «እንዲህ ዓይነት ሰው ከየት ይገኛል!» እያሉ እሳቸውን ማወደስ ያዙ። የእሷን ስም ያነሣ አንድም አልነበረም።

የትናየት በትከሻቸው በኩል አነበበችው። «ተዉት መምህር፤ ስለመጡልኝ ይበቃል» አለች።

«አይበቃም» አሉና ድምፃቸውን እንደገና ቀዱ፦ «እሷን ያስወጣ ጉባኤ ላይ እኔ አልቀመጥም። ደኅና ሁኑ ልጆቼ።»

ከግሩፑ የምታስወጣውን ቁልፍ ሊነኩ ጣታቸውን ዘረጉ። ጣታቸው አየር ላይ ቆመች፤ አራት መቶ ሰላምታ ነበር ከበታቿ። ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት።

በማግሥቱ ብቸና ላይ እንደ ልማዳቸው ነቁ፤ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ስልኩ ሄደ። ምንም የለም። ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ደጁን ከፈቱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ቤቱ ያን ቀን እንደ አዲስ ሐዘን ከበዳቸው።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ።

«እንደምን አደሩ መምህር?» ይላል፤ ከሞጣ ነው።

እንባቸው መነጽራቸውን አደበዘዘው። እያንዳንዱን ፊደል እየፈለጉ፣ ቀስ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የትናየት» ብለው መለሱ።